ገንፎው ለምን ዘገየ? ወንዶችና የሆርሞን የደም ምርመራ

«ገንፎ መቼ ነው የምታበሉን?» የምትባለውን ጥያቄ የማያውቅ ባለትዳር የለም። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ በቀልድ ትመጣለች። ዓመት ሲሞላ ቀልዱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ከአገር ቤት በስልክ ትደርሳለች። ያን ጊዜ ጠያቂዋ እናት ናቸው፤ ተጠያቂዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት። ጠበል የምትሄደው፣ ዱዓ የምታስደርገው፣ የማህፀን ሐኪም ዘንድ የምትመላለሰው እሷ ናት። በጓደኞቿ ልጆች ልደት ላይ ስትስቅ ውላ መኪና ውስጥ ገብታ የምታለቅሰውም እሷው ናት። ባልየውስ? «እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም የጎደለኝ ነገር የለም» ይላል። በምን እንዳወቀ ግን የጠየቀው ሰው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ6 አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች መካከል ደግሞ በግማሽ ያህሉ የወንዱ ጤና ብቻውን፣ ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ፣ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ሚስት ብቻዋን ተመርምራ ከተመለሰች የጉዳዩ ግማሽ ሳይታይ ቀርቷል ማለት ነው። በሷ በኩል ደግሞ ዕድሜ አይጠብቅም። በከንቱ የባከነ ሁለት ዓመት የኋላ ኋላ ሊመለስ የማይችል ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው በወንዶች ላይ ስለሚደረገው የሆርሞን የደም ምርመራ ነው። ከክንድ የሚወሰድ ደም ነው፤ አያሳምም፣ አያሳፍርም። ለማን እንደሚያስፈልግ፣ ውጤቱ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቁ ግን ብዙ እንግልት ያስቀራል።

የመጀመሪያው ምርመራ የደም አይደለም

ባልና ሚስት ያለ ምንም መከላከያ አብረው እየኖሩ አንድ ዓመት ሙሉ እርግዝና ካልመጣ ሁለቱም መመርመር አለባቸው። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት ግን 6 ወር በቂ ነው። «መጀመሪያ እሷ ትታይና ከዚያ እኔ» የሚባል ተራ የለም። ጎን ለጎን ነው የሚኬደው።

ለወንዱ የመጀመሪያው ምርመራ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና ይሰጣል። በዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ መሠረት ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ 39 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ነው። ከዚህ በታች የሆነ ሰው ጨርሶ አይወልድም ማለት አይደለም፤ ከዚህ በላይ የሆነም በእርግጠኝነት ይወልዳል ማለት አይደለም። ቁጥሩ መነሻ ነው።

አንድ ናሙና ብቻ አይቶ መደምደምም ስህተት ነው። የወንድ ዘር ከመነሻው እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ከሁለት ወር በፊት ኃይለኛ ትኩሳት ይዟችሁ ከነበረ ዛሬ የሚታየው ውጤት የዚያን ጊዜው ጦስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ይደገማል።

ናሙናውን አሰጣጥ በሃይማኖት ምክንያት የሚከብዳቸው ወንድሞች አሉ። ይህን ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ይቻላል። ከሚስት ጋር በሚደረግ ግንኙነት ናሙናውን የሚይዝ፣ ዘሩን የሚገድል ኬሚካል የሌለበት ልዩ ኮንዶም አለ። ቤት የተወሰደ ናሙና ሰውነት ላይ ተጠግቶ ሙቀቱን እንደጠበቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት።

አለቃው፣ ካቦውና ሠራተኞቹ

የሆርሞኑን ነገር ለመረዳት አንድ የሥራ ቦታ እናስብ። አለቃው ያለው አንጎል ውስጥ ነው፤ ሃይፖታላመስ ይባላል። ከሥሩ ደግሞ የአተር ፍሬ የምታክል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። እሷ ካቦዋ ናት። ሠራተኞቹ ያሉት ከታች የዘር ፍሬዎቹ ውስጥ ነው።

አለቃው ለካቦዋ ምልክት ይሰጣል። ካቦዋ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ በደም ውስጥ ትልካለች። አንደኛው ኤል ኤች ይባላል፤ የዘር ፍሬውን «ቴስቶስትሮን አምርት» ይለዋል። ሁለተኛው ኤፍ ኤስ ኤች ነው፤ «ዘር አምርት» ይላል። ሥራው በደንብ ሲሄድ ወሬው ወደ ላይ ይደርሳል፣ ካቦዋም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ከታች ሥራው ሲበላሽ ግን ካቦዋ መጮህ ትጀምራለች፤ ኤፍ ኤስ ኤች ደም ውስጥ ይጨምራል። ካቦዋ ራሷ ከታመመች ደግሞ ድምፅ ይጠፋል፤ ሠራተኞቹ ጤነኛ ሆነው ሳሉ ትእዛዝ አጥተው ይቀመጣሉ። ሐኪሙ ደማችሁን ሲያይ ይህን ነው የሚያዳምጠው፤ ካቦዋ እየጮኸች ነው፣ ዝም ብላለች ወይስ በልክ እየተናገረች ነው?

ይህን ማዳመጥ የተቻለው ብዙም ሳይርቅ ነው። በደም ውስጥ ያለ ሆርሞን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ድሮ መለኪያ አልነበረውም። አሜሪካዊቷ ሮዛሊን ያሎው ከባልደረባዋ ከሰሎሞን በርሰን ጋር መለኪያ ዘዴውን አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1977ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት፤ በርሰን ግን ቀደም ብሎ ስላረፈ ለዚያ አልበቃም። በዚያው ዓመት ሽልማቱን የተጋሩት ሮዤ ጊየመንና አንድሩ ሻሊ ደግሞ ከአንጎል የሚላኩ የሆርሞን ምልክቶችን ያጠኑ ናቸው። ከነዚህም አንዱ ለፒቱታሪ ትእዛዝ የሚሰጠው፣ አሁን የምናወራበት ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቴስቶስትሮን የሚያመርቱትና ዘር የሚያመርቱት ሠራተኞች የተለያዩ ናቸው። ድምፁ የጎረነነ፣ ጢሙ የሞላ፣ በመኝታ ቤትም ምንም ችግር የሌለበት ወንድ ዘሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ከፈሳሹ ውስጥ የዘር ሕዋሱ ድርሻ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ያለ ምርመራ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። በተቃራኒውም፣ ዘሩ ያነሰ ወንድ ወንድነቱ አልጎደለም።

ምርመራው ለማን ይታዘዛል?

ለሁሉም አይደለም። የዘር ፈሳሹ ውጤት ጥሩ የሆነና ሌላ ምልክት የሌለበት ሰው የሆርሞን ምርመራ ብዙም አይጠቅመውም። በአሜሪካ የዩሮሎጂና የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ መሠረት ኤፍ ኤስ ኤችና ቴስቶስትሮን የሚለኩት የዘሩ ቁጥር አነስተኛ ወይም ዜሮ ሲሆን፣ የወሲብ ፍላጎት ሲቀንስ ወይም የብልት መቆም ሲያስቸግር፣ የዘር ፍሬዎቹ ሲያንሱ፣ ወይም ሐኪሙ በአካል ምርመራ የሆርሞን ችግር ምልክት ሲያገኝ ነው። ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ካለ ኤል ኤችና ፕሮላክቲን ይጨመራሉ።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የእያንዳንዱ ላብራቶሪ መለኪያ ስለሚለያይ ቁጥራችሁን ከወረቀቱ ጎን ከተጻፈው ክልል ጋር ነው የምታስተያዩት። በጥቅሉ ግን የሚታዩት ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው።

*ኤፍ ኤስ ኤችና ኤል ኤች ከፍ፣ ቴስቶስትሮን ዝቅ ሲሉ፦* ካቦዋ ትጮኻለች፣ ሠራተኞቹ ግን አልቻሉም። ችግሩ የዘር ፍሬው ላይ ነው። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ዘር ፍሬ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በልጅነት ሳይወርድ የቀረ የዘር ፍሬ ወይም የካንሰር ሕክምናም ምክንያት ይሆናል። ሌላው ክላይንፌልተር የሚባለው ነው፤ ወንዱ አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ ይወለዳል። ከ600 ወንዶች በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ ብዙዎቹም ልጅ ፈልገው እስኪመረመሩ ድረስ አያውቁትም። በዚህ ጊዜ የክሮሞዞም ምርመራ ይታዘዛል።

*ኤፍ ኤስ ኤች ብቻ ከፍ ሲል፦* የዘር ምርቱ ተጎድቷል፣ የቴስቶስትሮኑ ክፍል ግን ይሠራል። ብዙዎች ይህን ወረቀት ይዘው ተስፋ ይቆርጣሉ። መቁረጥ የለባቸውም። በማምረት ችግር ምክንያት ዘራቸው ዜሮ የሆነ ወንዶች ላይ በማይክሮስኮፕ በሚታገዝ ቀዶ ሕክምና ከዘር ፍሬው ውስጥ ዘር ሲፈለግ፣ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ይገኛል። የተገኘውም ከሚስት እንቁላል ጋር በላብራቶሪ እንዲዋሃድ ይደረጋል። የኤፍ ኤስ ኤች ቁጥር ብቻውን ዘር ይገኛል ወይም አይገኝም ብሎ አይወስንም።

*ሦስቱም ዝቅ ሲሉ፦* ካቦዋ ዝም ብላለች። ችግሩ ከላይ ነው። አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ ነው፤ ጉርምስናው የዘገየ፣ አንዳንዴም ሽታ የማይሸተው ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ፒቱታሪ ላይ በበቀለ ዕጢ ምክንያት ነው። ይህ ዓይነት ከሌሎቹ ይልቅ ለመድኃኒት የሚመች ነው። የጎደለውን ትእዛዝ በመርፌ በመስጠት ብዙዎች ዘር ማምረት ይጀምራሉ፤ ከወራት እስከ ሁለት ዓመት ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

*ፕሮላክቲን ከፍ ሲል፦* ፕሮላክቲን በእናቶች ላይ ወተት የሚያመጣው ሆርሞን ነው። ወንድ ላይ ሲበዛ ፍላጎትን ያጠፋል፣ ካቦዋንም ያፍናታል። ጭንቀትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ከፍ ስለሚያደርጉት መጀመሪያ ይደገማል። በጣም ከፍ ካለ ግን የፒቱታሪ ዕጢ ስለሚጠረጠር የአንጎል ኤም አር አይ ይታዘዛል። የማይለቅ ራስ ምታት ካለባችሁ፣ ወይም መኪና ስትነዱ የጎንና ጎኑ እይታ ከጠበበባችሁ፣ ልጅ ብትፈልጉም ባትፈልጉም ፈጥናችሁ ታዩ። አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሚዋጥ መድኃኒት ይቀንሳል።

*ሁሉም ደህና ሆኖ ዘሩ ዜሮ ሲሆን፦* ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ይሠራል፣ መንገዱ ነው የተዘጋው። ያልታከመ ጨብጥ፣ የድሮ የቡአ ኦፕራሲዮን፣ ወይም ከውልደት ጀምሮ ቱቦው አለመኖር ምክንያት ይሆናል። መንገዱን በቀዶ ሕክምና መክፈት ወይም ዘሩን ከምንጩ መቅዳት ይቻላል። ጥቂቶች ላይ ግን ሆርሞኑ ልክ ሆኖ የዘሩ አበሳሰል መሐል ላይ የሚቆምበት ጊዜ አለ። የደም ውጤት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ የሐኪሙ እጅም መዳሰስ አለበት።

ጉልበት የሚሰጠው መርፌ

አሁን አሁን ጂም የሚሠሩ ልጆቻችንና «ድካም በዛብኝ» የሚሉ አባወራዎች ቴስቶስትሮን በመርፌ ወይም በቅባት መውሰድ ለምደዋል። ብዙዎች «የወንድ ሆርሞን ከሆነ ዘርም ይጨምራል» ብለው ያስባሉ። እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ዕቃው ከውጭ ተዘጋጅቶ ሲገባ ካቦዋ «ሥራው ሞልቷል» ብላ ትእዛዝ ታቆማለች። ኤል ኤችና ኤፍ ኤስ ኤች ወደ ዜሮ ይወርዳሉ፣ የዘር ፍሬው ይኮማተራል፣ ምርቱ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት ጤነኛ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ተወግተው ነበር፤ በ6 ወር ውስጥ አብዛኞቹ ዘራቸው ዜሮ ገባ። ጥናቱ የተደረገው ለወንዶች የእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ ለማየት ነበር! የሐኪሞቹ መመሪያም ልጅ ለሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን ብቻውን አይታዘዝ ይላል።

መልካሙ ዜና ሲቆም አብዛኛው ሰው ላይ ይመለሳል። ግን ከ6 ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መርፌ የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ ድንገት ከማቆም ለሐኪም ንገሩ፤ የራስን ምርት የሚቀሰቅሱ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ደሙ ሊገኝበት የሚችለውን ነገር ደብቆ መመርመርም ትርፉ ድካም ነው። ቴስቶስትሮኑ ከፍ ብሎ ኤል ኤችና ኤፍ ኤስ ኤች ዜሮ ሲሆኑ ሐኪሙ ያውቃል።

ደም ከመስጠታችሁ በፊት

ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት፣ ምግብ ሳትቀምሱ ሂዱ። ጾም ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም። ከሰዓት በኋላ ተለክቶ «ዝቅ ብሏል» የተባለ ውጤት ብዙ ጊዜ በማለዳ ሲደገም ይስተካከላል። ዝቅ ካለ ደግሞ በሌላ ቀን መደገሙ ግድ ነው።

ታክሲ የምትነዱ፣ ፓርኪንግ ወይም ሆስፒታል የምታድሩ ወንድሞች፣ የሆርሞኑ ጠዋት የእናንተ እንቅልፍ ያለቀበት ሰዓት ነው። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ላብራቶሪ አትግቡ። የሥራ ሰዓታችሁን ለሐኪሙ ንገሩና ጠግባችሁ ተኝታችሁ ከተነሳችሁ በኋላ እንዲቀዳ ተነጋገሩ። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካለባችሁም ቀጠሮውን አዛውሩት።

ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የሚባል ቪታሚን የሆርሞን ውጤትን ሊያሳስት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2017 በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የምትወስዱትን ክኒን፣ የፕሮቲን ዱቄት፣ «ጉልበት ሰጪ» ተብሎ የተገዛ ነገር ሁሉ ዘርዝራችሁ ያዙ። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻም ካቦዋን ያደክማል።

ስለ መለኪያውም ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ ቴስቶስትሮን በናኖግራም በዴሲሊትር ይጻፋል፤ ከ300 በታች ዝቅተኛ ይባላል። እንግሊዝና ስዊድን በናኖሞል በሊትር ይጽፋሉ፤ ያው 300 እዚያ 10.4 ገደማ ነው። ዋሽንግተን 320 የነበረ ሰው ለንደን ሄዶ 11 ቢባል ሆርሞኑ አልጠፋም፣ መለኪያው ነው የተለወጠው። ወደ አገር ቤት ለሕክምና የምትሄዱም የውጤቱን ቅጂ ከነመለኪያው ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ አበባ በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

ሐኪሙ ፊት

የምታዩት ሐኪም ዩሮሎጂስት፣ በተለይም በወንዶች መካንነት ላይ የሠራ ቢሆን ይመረጣል። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የጓደኛን ወይም የዘመድን ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። በዘመድ ፊት የማይነገር ነገር አለ፤ ያልተነገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ነው። ኢንሹራንሳችሁ የመካንነት ምርመራን ይሸፍን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ምርመራውን ከፍሎ ሕክምናውን አይከፍልም፤ አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

እነዚህን ጥያቄዎች ጽፋችሁ ያዙ፦ ደሜ የተቀዳው በትክክለኛው ሰዓት ነው? ይደገም ይሆን? ችግሩ ከላይ ነው ከታች? የክሮሞዞም ምርመራ ያስፈልገኛል? በሚስቴ ዕድሜ ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንችላለን?

የመጨረሻው ጥያቄ ቸል አይባል። የሚስት ዕድሜ 28 ሲሆን አንድ ዓመት መድኃኒት ሞክሮ መጠበቅ ይቻል ይሆናል። 39 ከሆነች ግን መንገዱ ሌላ ነው።

ለቤተሰብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ልጅ ማጣት በሽታም ነው፣ ሐዘንም ነው። በጸሎት የሚጽናና ይጽናና፤ ጸሎት ደም ከመመርመር አይከለክልም። ምርመራው ከልጅ ያለፈ ጥቅምም አለው። ቴስቶስትሮን ለብዙ ዓመት ዝቅ ብሎ ሲኖር አጥንት ይሳሳል። የመካንነት ችግር ያለባቸው ወንዶች ላይ የዘር ፍሬ ካንሰርም ከሌላው ሰው ይልቅ በርከት ብሎ ይታያል። ጠጣር እብጠት ካገኛችሁ አታሳድሩት።

እናቶችና አማቶች፣ ጥያቄያችሁ ከፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ ስትወድቅ ያ ሰው ይሰበራል። ሳትጠይቁ ዝም ብላችሁ ብትመርቁ ይበቃል።

ባሎች ደግሞ፣ ሚስታችሁ ሐኪም ዘንድ ስንት ጊዜ ሄዳለች? እናንተስ? መልሱ ለእናንተ ዜሮ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ በእናንተ ስም ይያዝ።